የእትዬ ታይፕ ስካነር

እትዬ ታይፕ ምራታቸውን አይጠሏትም ነበር፤ እንዲያው ልጅቷ አልታይ ብላቸው ነው። ልጃቸው ፋርማሲስቱ «ላገባ ነው» ብሎ ይዟት ሲመጣ የጠበቁት ወይ ምላሷ የሚቆርጥ፣ ወይ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበር። የመጣችው ግን ስትገባ በሩ የማይጮህ፣ ስትነሳ ወንበሩ የማይንቀሳቀስ ልጅ ናት። የምትሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። «እዚያ ‹ዝም በሉ› የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ የለ? እሱን ቤት ድረስ ይዛው መጥታ ነው» ይሉ ነበር ለጎረቤት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፏ የሰሙት «ደህና አደሩ»ና «ደህና እደሩ» ብቻ ይመስላቸዋል።

እሳቸው ደግሞ ዝምታ አይሆንላቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስማቸውም በጽሕፈት መኪና ዘመን የወጣላቸው ነው። መንገድ ዳር ባለችው የቤታቸው ክፍል ውስጥ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ያትማሉ፣ ኮፒ ያደርጋሉ፣ ስካን አድርገው ይልካሉ። ደንበኛው በንዴት ሲያጣድፋቸው «ቀስ በል፣ አቤቱታ እንጂ እርግማን አይደለም የምንጽፈው» ይሉታል። ኩራታቸው አንድ ነው፤ በዚህ ቤት ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም። ይህንንም ለገባ ለወጣው ሁሉ ይናገሩታል።

በዚህ የማይስማማ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሙያ ምስክር ወረቀቱን ስካን እንዲያደርጉለት አመጣ። አንድ ማሠልጠኛ የስፌት አስተማሪ አድርጎ ሊቀጥረው ነበርና ወረቀቱ በዚያው ሳምንት መድረስ ነበረበት። ቀኑ ደግሞ እትዬ ታይፕ አዲስ ኮምፒዩተር ያስገቡበት ቀን ነበር። ክፍሏ በገመድና በካርቶን ተተራምሳ፣ ቴክኒሻኑ ጠረጴዛ ሥር ተጋድሞ፣ «ዛሬ አይሆንም፤ ነገ ና» አሉት። በነጋታው መጣ፤ ወረቀቱ ግን የለም። እሱ «እርስዎ ጋ ነው የተውኩት» አለ። እሳቸው «እጅህ ላይ ነው የሰጠሁህ» አሉ። መሳቢያ ተገለበጠ፣ የቆሻሻ ቅርጫት ተደፋ፣ አልተገኘም። የተማረበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ምትክ የሚሰጠው አላገኘም፤ ሥራውም ለሌላ ሰው ሆነ። ልብስ ሰፊው ደጃፋቸው ላይ ቆሞ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። እትዬ ታይፕ ቀሚስ ሲያሰፉ ሦስት መንገድ አቋርጠው ሌላ ሰፊ ጋ ይሄዳሉ። እውነቱ ከእሳቸው ጋር መሆኑን ግን አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም።

የአሁኑ መዓት የመጣው ሰኞ ዕለት ነው። አንድ ደንበኛ ፍላሽ ሰካ፤ ኮምፒዩተሩ ቫይረስ ገባበትና ጭጭ አለ። ቴክኒሻኑ መጥቶ ራሱን ነቀነቀ። የተጫነበት ሲስተም ለካ የተሰረቀ ኮፒ ኖሯል፤ ማደስ አይቻልም፣ ሕጋዊው ደግሞ ለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር ይከብደዋል አለ። ማታ ልጃቸው እጃቸውን ያዘ።

«እማዬ፣ ይብቃሽ። ክፍሏን መድኃኒት ቤት ላድርጋት። አንቺም እረፊ።»

ለእትዬ ታይፕ ጆሮ «እረፊ» ማለት «ሙቺ» ከማለት በትንሹ ብቻ ይሻላል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እናቱን ይወዳል። እሱ ግን ክፍሏን አራት ግድግዳ አድርጎ ነው የሚያያት። እሳቸው ያለዚያች ክፍል ማን እንደሚሆኑ አያውቁም። «እስከ ቅዳሜ ጠዋት ታገሠኝ» አሉት። «እስከዚያ መጻፍ፣ ማተምና ስካን ማድረግ ከቻልኩ ዳግመኛ አታነሣብኝ። ካልቻልኩ ቁልፉን እሰጥሃለሁ።» እትዬ ታይፕ ቃል ከሰጡ ሰጡ ነው።

ያን ጊዜ ምራታቸው ሳህን እያነሣች ነበር። «እማማ፣ እኔ ልሞክረው?» አለች።

ማክሰኞ ከሥራ መልስ አንዲት ፍላሽ ይዛ ተቀመጠች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያ ሲያቃስት የኖረ ኮምፒዩተር እንደ አዲስ ይነሣ ጀመር። ሲስተሙ ሊኑክስ ይባላል፤ የተሰረቀ አይደለም፣ ለሁሉም የተሰጠ ነው አለቻቸው።

«ማን ነው እንዲህ ያለ ደግ?»

«ብዙ ሰዎች ናቸው። አንድ ልብስ ሰፊ ልብሱን ሸጦልዎት የቆረጠበትን ፓተርን ቢደብቅ፣ በጠበበዎት ቁጥር እሱ ጋ መመለስ ነው። እነዚህ ግን ፓተርኑን ጭምር ሰጥተዋል። የጠበበው ይለቀዋል፣ የረዘመበት ያሳጥረዋል።»

«የልብስ ሰፊ ነገር አታንሺብኝ» አሉ እትዬ ታይፕ፤ ግን ገባቸው።

ፕሪንተሩ ሲሰካ ድምፅ አላሰማም። ስካነሩም እንደዚያው። ሁለቱም ከፋብሪካቸው ፕሮግራም በቀር ሌላ የማይሰሙ ዓይነት ናቸው። ፋብሪካው ለሊኑክስ፣ ለዚህ ለሁሉም ክፍት ለሆነው ሲስተም፣ ፕሮግራም አልሠራም፤ መሣሪያው እንዴት እንደሚታዘዝም ለማንም አልተናገረም። «ስለዚህ የሚሰሙ መፈለግ ነው» አለች ምራታቸው። «ነገ ፈቃድ እወስዳለሁ።»

ረቡዕ ያገለገሉ ዕቃዎች ወደሚሸጡበት መንገድ ወጡ። በግራና በቀኝ ፕሪንተር በፕሪንተር ላይ ተደርቧል፤ ሻጩ ሁሉ ይጣራል። እትዬ ታይፕ «ይቺ ልጅ እዚህ ትዋጣለች» ብለው ቦርሳቸውን አጥብቀው ያዙ፤ ክርክሩን እሳቸው ሊመሩት ነው የመጡት።

አላስፈለጉም። ልጅቷ ትከሻዋ ላይ ባንጠለጠለችው ሻንጣ ውስጥ ሊኑክስ የተጫነበት ያረጀ ላፕቶፕ፣ የራሷ ገመድ፣ ማከፋፈያ ሶኬትና ጥቁር ሽፋን ያለው ማስታወሻ ደብተር ይዛለች። የመጀመሪያው ሻጭ አንድ ፕሪንተር አንሥቶ ደረቱ ላይ አቀፈው።

«እህቴ፣ ይሄ ከሁሉም ጋር ይሠራል!»

«እሺ። ልሰካው?»

«እየነገርኩሽ! በእኔ ይሁንብሽ!»

«እሺ። ልሰካው?»

«ትናንት አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አሥር ወስዷል!»

«እሺ። ልሰካው?»

ሰካችው፤ አልሠራም። «አመሰግናለሁ» ብላ ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ጽፋ ወደሚቀጥለው አለፈች። እትዬ ታይፕ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ!» አሉ ጮክ ብለው፤ ሻጩም ሳቀ። ምራታቸውን እንደዚህ አይተዋት አያውቁም። ድምፅዋ ያው የቤቷ ድምፅ ነው፣ ቃሏም ያው ትንሽ ነው። እዚህ ግን ያ ትንሽነት ማንም የማይገፋው ግድግዳ ሆኖ ቆመ። አላሰካም ያለውን አመስግና ታልፈዋለች፤ ያሰካትን ደግሞ ሰዓቷን ሳትቆጥብ ትመረምርለታለች።

ከሁሉ የገረማቸው መሣሪያውን ገልብጣ ማየቷ ነው። ሁሉም ሰው ከፊት የተጻፈውን ስም ሲያነብ እሷ አስተኝታው ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ወረቀት ታነባለች።

«ከፊቱ ያለው ለገዢ የተጻፈ ነው» አለቻቸው። «አንድ ስም ይዘው ሆዳቸው የተለያየ ብዙ ናቸው። ትክክለኛው ቁጥር ከሥር ነው።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ እትዬ ታይፕ፣ ተደንቀው። ከዚያ በኋላ መነጽራቸውን አድርገው እሳቸውም እየገለበጡ ያነቡላት ጀመር።

ደብተሯን አሳየቻቸው። «ያትማል፤ ወረቀቱን ግን በሁለት ገጽ አያገላብጥም።» «ስካነሩ ጥሩ ነው፤ ወረቀት ሳቢው አይሠራም።» «ገመዱን አውጥቶ እንደገና መሰካት ይፈልጋል፤ ታገሡት።» ግማሹ እሷ የሞከረችው ነው። ግማሹን ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸው ሰዎች ሞክረው ለሌላው ብለው ኢንተርኔት ላይ የጻፉት ነው፤ እሷም የራሷን ትጽፍላቸዋለች። እትዬ ታይፕ ገጹን ሲያገላብጡ ስለ ሰው ልጅ መልካም ነገር አሰቡ። አንዱ ከሩቅ ሆኖ ለማያውቀው ሰው «ይሄን አትግዛ፣ እኔ ተሳስቻለሁ» ብሎ መጻፉ ትልቅ ነገር መሰላቸው።

ከቀትር በኋላ ከተዘጋ መሥሪያ ቤት የወጣ፣ ቀለሙ ቢጫ የሆነ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ፕሪንተር አገኙ። ማንም አይጠይቀውም፤ ሻጩ ሻይ ማስቀመጫ አድርጎታል። ልጅቷ ገልብጣ አነበበችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ርካሾቹ አእምሯቸውን ኮምፒዩተሩ ላይ ጥለው ነው የሚመጡት። ይሄ የራሱ አለው» አለች። ተሰካ፤ አቃሰተ፤ ሞቀ፤ ከዚያም ጥርት ያለ ገጽ ተፋ። ሻጩ ራሱ አጨበጨበ፤ ገዙት። ስካነር ግን አሥራ ሁለት ሞክረው አንዱም አልሆነም።

ሐሙስ እትዬ ታይፕ ተሳሳቱ። ምራታቸው ሥራ ላይ ሳለች ብቻቸውን ወጡ፤ ክራባት ያደረገ ሻጭ የሚያብረቀርቅ፣ ማተሙንም ስካኑንም አንድ ላይ የሚሠራ መሣሪያ አሳያቸው። «ሊኑክስ? እንዴታ!» አላቸው። ምላሱ ቅቤ ነው። ሳይሰኩ ገዙ። ቤት ሲያመጡት አሳምሮ ያትማል፤ ስካነሩ ግን አላውቃችሁም አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። ጠረጴዛ ሥር አስገብተው ጨርቅ አለበሱት።

ልጅቷ ማታ ስትገባ የካርቶኑን ጥግ አየች። አወጣችው፣ ገለበጠችው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ታገለችው፤ በመጨረሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችና «ካርቶኑ አለ አይደል?» አለች። ሻጩ ሱቁን ሳይዘጋ ደረሱበት።

«ስካነሩም ይሠራል ብለው ነው የሸጡላቸው። ይኸው ላፕቶፑ፣ ይኸው ገመዱ። ካሠሩት እንወስደዋለን።»

ሻጩ ሃያ ደቂቃ ሲታገል አላበው፣ ክራባቱን ፈታ፣ በመጨረሻም መሣሪያውን መልሶ ተቀበለ። ልጅቷ እጇን አጣምራ እንደቆመች ነው፤ ድምፅዋ ከወትሮው ቅንጣት አልጨመረም። እትዬ ታይፕ ተግሣጽ እየጠበቁ አብረዋት ወጡ። መንገድ ላይ ያለቻቸው ይህን ብቻ ነው፦ «ስለጻፍነው ሌላ ሰው አይገዛውም። ሥራ ነው የሠሩት፣ እማማ።» እትዬ ታይፕ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ። ይቺን ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው አስቀምጠው ሳያዩዋት ኖረዋል፤ አፈሩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ደውሎ «ዛሬ አዳር ሥራ ነኝ፤ ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አለ። ስካነር ገና አልተገኘም። እትዬ ታይፕ ክፍሏን ሳያጸዱ ቁልፍ ማስረከብ ነውር ስለሆነባቸው ዕቃ ማንሣት ጀመሩ። ጥግ ላይ ያሉትን የወረቀት እሽጎች አንድ በአንድ አወረዱ። ከሥራቸው ጨርቅ የለበሰ፣ ከባድ፣ ጠፍጣፋ ነገር አለ። የጥንቱ ስካነራቸው ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አዲሱ ኮምፒዩተር አላውቀውም ሲል ቴክኒሻኑ «ይሄ ሞቷል፤ ሌላ ይግዙ» ብሎ ክዳኑን በቡናማ ፕላስተር አሽጎ ወደ ጥግ ገፋው፤ ከዚያ ወዲህ የወረቀት መደርደሪያ ሆኖ ኖረ።

የሳምንቱ ልማድ ሆነና በአንድ ጎኑ ብድግ አደረጉት። አቧራውን በአውራ ጣታቸው ጠርገው፣ ቁጥሩን በአጉሊ መነጽር እያዩ ለምራታቸው ደወሉ። ልጅቷ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናትና ታንሾካሹካለች።

«ይድገሙልኝ እስቲ።»

ደገሙላት። ደብተር ሲገለጥ ተሰማ።

«እማማ! እሱ እኮ በደንብ ከሚሠሩት አንደኛው ነው። አልሞተም። የኮምፒዩተርዎ የበፊቱ ሲስተም ነው የረሳው፤ ክፍቱ አልረሳውም። አይንኩት፣ መጣሁ!»

ሮጣ መጣች። ስታለከልክ ሰምተዋት አያውቁም። የኃይል ገመዱ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እትዬ ታይፕ ነገር አይጥሉም። ልጅቷ ፕላስተሩን ልትልጥ ስትል «ተዪው! ኋላ ትከፍቺዋለሽ፤ መጀመሪያ ነፍስ መኖሩን እንይ» አሉ። ሰካችው። የስካነሩ ስም ከነሙሉ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ መጣ። ነካ ስታደርገው በክዳኑ ጠርዝ ነጭ ብርሃን ፈነጠቀ፤ ያ የሚያውቁት ሲርርር የሚል ድምፅ ተነሣ። እትዬ ታይፕ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

ባዶ መስታወት ነበር የጠበቁት። ስክሪኑ ላይ ግን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ አንድ ወረቀት ወጣ። መጀመሪያ የትምህርት ቤት ስም፣ ቀጥሎ በግራ በኩል ጢሙ ገና ያልሞላ ወጣት ፎቶ፣ ከዚያም «በልብስ ስፌት ሙያ» የሚል መስመር፣ መጨረሻ ላይ ክብ ማኅተም።

እልልታው ቀረ። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ማን ነው፣ እማማ?»

በመስኮቱ ማዶውን አሳዩዋት። ልብስ ሰፊው እንደ ዘወትሩ አጎንብሶ ፔዳሉን ይረግጣል። ነገሩን ሁሉ ነገሯት። ያን ቀን ወረቀቱን ራሳቸው ነበሩ መስታወቱ ላይ ያስተኙት፤ ኮምፒዩተሩ እንቢ ሲል «ነገ ና» አሉት፤ ቴክኒሻኑ አሸገው። «እጅህ ላይ ሰጠሁህ» ሲሉም አልዋሹም፤ እንዲያው አምነው ነበር። ያመኑት ግን ሳይከፍቱ ነው። መሳቢያውን ገልብጠዋል፣ ቅርጫቱን ደፍተዋል፤ ይህን አንድ ክዳን ግን አላነሡም።

ልጅቷ ፕላስተሩን ላጠች። ወረቀቱ ብርሃን ሳያይ ስለኖረ እንደተሰጠበት ቀን ነጭ ነው። አንሥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«ካንቺና ከእኔ በቀር ያየ የለም» አሉ እትዬ ታይፕ። ይህን ማለታቸው ራሳቸውንም አስደነገጣቸው።

ልጅቷ ዝም አለች። የለመዱት ዝምታዋ ነው፤ ዛሬ ግን ሰሙት። ሻጮቹን ሁሉ ያሸነፈ ዝምታ ነው።

«ይቅር ይለኛል?»

«እኔ ሳይሰኩት ምን አውቃለሁ፣ እማማ?»

እትዬ ታይፕ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ወጡ። ዘጠኝ ዓመት ያላለፉትን መንገድ አለፉ፤ ስፋቱ አሥራ አምስት እርምጃ ነው። ልብስ ሰፊው ጥላ ሲያርፍበት ቀና አለ። መርፌው በጨርቁ መሀል ቆመ።

«አንተ ነበርክ እውነተኛው» አሉ፣ ሰላም ሳይሉ፤ ካሉ ያለቅሳሉ። «እኔ ነኝ የረሳሁት። ስካነሩ ውስጥ አስተኝቼው ነው። በሰው ፊት ዋሾ አልኩህ። ሥራህንም ያሳጣሁህ እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ተቀበለ። ጣቱን በጨርቅ ጠርጎ የፎቶውን ፊት ነካው። ከዚያ ደግሞ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ አንድ የታጠፈ ጥግ እንኳ የለውም።

«ዘጠኝ ዓመት» አለ።

«ዘጠኝ ዓመት። ወረቀት አይጠፋብኝም እያልኩ። ከእንግዲህ ያን ቤት ልከፍተው አይገባኝም። ነገ ቁልፉን ለልጄ እሰጣለሁ።»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ ከእሳቸው ትከሻ በላይ ወደ ማዶ ተመለከተ። ምራታቸው በሩ ላይ ቆማ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች። ወረቀቱን ቀስ አድርጎ መልሶ ዘረጋላቸው።

«እትዬ፣ ነገ ና ብለውኝ ነበር እኮ» አለ። «ነገ በጠዋት እመጣለሁ። ስካን ያድርጉልኝ፤ ቤቱ ክፍት ይሁን።»

እትዬ ታይፕ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው መንገዱን ተሻገሩ።